ማሽኑ ብርድ ልብስ እንደያዘ ውኃ ሞልቶ ቆመብኝ

የፋሲሎዋ፦
እባካችሁ የምታውቁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ትልቁን ብርድ ልብስ ማሽን ውስጥ ከትቼ ሲያጥብ ከቆየ በኋላ፣ ውኃውን ሳያፈስስና ሳይጨምቅ ቀጥ ብሎ ቆመ። በሩ አልከፈት ብሏል፤ በመስታወቱ በኩል ሲታይ ውኃው እስከ ግማሽ ድረስ አለ። መብራት አልጠፋም። ነገ ማታ አማቴ ከደብረ ማርቆስ ይመጣሉ፤ ላለብሳቸው ያሰብሁትም ይኸንኑ ብርድ ልብስ ነው። ማሽኑ ተቃጥሎ ይሆን? በሩን በኃይል ብከፍተውስ?

የሽምብጡ፦
እህቴ፣ ማሽኑ ተቃጠለ ከማለትዎ በፊት የጫኑበትን ይመልከቱ። ማሽን 7 ኪሎ ይይዛል ሲባል የሚቆጠረው የደረቅ ልብስ ክብደት ነው። ብዙ ልብስ ሲገባ ከበሮው በዞረ ቁጥር ዙሪያውን ይበተናል፤ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ብቻውን ሲገባ ግን ውኃ ጠጥቶ በአንድ ወገን ስለሚከመር፣ ማሽኑ ሚዛኑ መዛባቱን ሲያውቅ ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ መጭመቁን ይተወዋል። ስለዚህ የተበላሸ ነገር የለም ባይ ነኝ። ለመሆኑ የምን ብርድ ልብስ ነው? ጋቢ ነው፣ ቡልኮ ነው፣ ወይስ ከሱቅ የሚገዛው ባለጠጉሩ? ጨርቁ ሳይታወቅ የሚሰጥ ምክር ጉዳት ሊያመጣ ይችላል፤ የሱፍ ባና በሙቅ ውኃ ቢታሽ ተኮማትሮ ይጠፋል፣ ቡልኮና ጋቢ ጥጥ ስለሆኑ ውኃውን ይዘው አይለቁም።

ጠጋኙ፦
ወንድሜ ስለ ሚዛን ያልኸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሚዛኑ የተዛባ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ውኃውን ካፈሰሰ በኋላ ነው መጭመቅ እምቢ የሚለው። እዚህ ውኃው ራሱ አልወጣም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፊልትሮው (ጠጉርና ቆሻሻ የሚይዘው ማጣሪያ)፣ ቀጥሎ የማፍሰሻው ቱቦ፣ በመጨረሻ ፓምፑ ነው።

እህቴ፣ በሩን በኃይል አትክፈቺው፤ መቆለፊያው ይሰበራል፣ ውኃውም ቤቱን ያጥለቀልቀዋል። ሶኬቱን ንቀዪ። ያጠብሽው በሙቅ ውኃ ከሆነ እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ። ከፊት በሚከፈቱ ብዙ ማሽኖች ግርጌ በስተጥግ በኩል አንዲት ትንሽ ክዳን አለች፤ እሷን ከፍተሽ ከሥሯ ጎድጎድ ያለ ሳህን አስቀምጪና ፊልትሮውን ወደ ግራ በጥቂት በጥቂቱ አላዪው። ውኃው መውረድ ሲጀምር እዚያው ላይ ያዥው፤ ሳህኑ ሲሞላ ፊልትሮውን መልሰሽ አጥብቀሽ የሳህኑን ውኃ ድፊና እንደገና አላዪው። በአንድ ጊዜ ነቅለሽ ካወጣሽው ማቆሚያ የለውም። ውኃው ሲያልቅ ፊልትሮውን አውጥተሽ እዪው፤ ብርድ ልብስ ታጥቦ ከሆነ ከሳሙና ጋር የተጣበቀ የጠጉር ድብልብል፣ አንዳንዴም ሳንቲምና የሸሚዝ ቁልፍ አይጠፋበትም። ከፊልትሮው ጀርባ ያለችው የፓምፑ ክንፍ በጣት ስትነካ መዞሯንም አረጋግጪ።

የግሽ ዓባይ እናት፦
ልጄ፣ መጀመሪያውኑ ይህን የሚያህል ብርድ ልብስ ማሽን ውስጥ ማን ክተቺ አለሽ? በትልቅ ሳፋ ዘፍዝፎ በእግር ረግጦ ማጠብ የመሰለ ነገር የለም። እኛ ዓባይ ዳር ወርደን በእንዶድ አጥበን፣ በወራጁ አለቅልቀን፣ ድንጋይ ላይ አስጥተን እንመለስ ነበር። አሁንም ውኃው ሳይርቅሽ ጣና ዳር ብትወስጂው ቶሎ ይጠራልሻል።

ተመልካች፦
ፊልትሮውን ያጽዱት። የእኛም ቤት ማሽን እንዲሁ ሆኖ የተገኘው ፊልትሮው ነበር።

የጤና ባለሙያዋ፦
እትዬ፣ በሳፋ ስለ መርገጡ ባሉት እስማማለሁ፤ ስለ ጣና ዳሩ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና ልቃወምዎ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ፤ ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ነው የሚገባው፤ ብርድ ልብስ ለመርገጥ ደግሞ ረጅም ጊዜ ውኃ ውስጥ መቆም ግድ ነው። ሳሙናውም ቢሆን ሐይቁን ይጎዳል፤ እምቦጭ የሚፋፋው ወደ ውኃው በሚገባው ንጥረ ነገር ነው። የእንዶዱ ነገር ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተው ነው እንዶድ በቢልሃርዝያ ላይ ያለውን ጥቅም የደረሱበት። ሆኖም እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና ለእጥበት ብለን ሐይቅ ውስጥ ልንጨምረው አይገባም። በጓሯችን በቧንቧ ውኃ እናጥብ።

የፋሲሎዋ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ውኃው ወጣ፤ ፊልትሮው ላይ የልጄ ካልሲና የጠጉር ድብልብል ተጠምጥሞበት ነበር። በሩም ተከፈተ። ብርድ ልብሱ ከሱቅ የተገዛው ባለጠጉሩ፣ ባለ ድርቡ ነው። አሁን ግን ላነሣው አልቻልሁም፤ ውጭም ዝናቡ ጀምሯል። እቤት ውስጥ ገመድ ላይ ሰቅዬ ከሥሩ ከሰል ባነድድ እስከ ነገ አይደርቅም?

የጤና ባለሙያዋ፦
ከሰሉን ፈጽሞ አታድርጊው፤ ይህን የምጽፈው በጭንቀት ነው። በክረምት በርና መስኮት ተዘግቶ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው፣ ሰው የተኛ እየመሰለው ይሞታል። ልጅም ከቤት አለሽ።

ጠጋኙ፦
አታንሺው፤ እዚያው ከበሮው ውስጥ እንዳለ ተጠቀሚበት። የሽምብጡ ወንድማችን ስለ ሚዛን ያለው የሚያስፈልገው አሁን ነው። ብርድ ልብሱን ዘርጋ ዘርጋ አድርገሽ ዙሪያውን አከፋፍዪው፣ መሐሉን ባዶ አድርጊ፣ በጎደለው ወገን አንድ ሁለት ፎጣ ጨምሪ። ፊልትሮው በደንብ መጥበቁን እዪና ማፍሰሻና መጭመቂያውን ብቻ አዘሽ አስጀምሪ። እምቢ ካለሽ አቁመሽ እንደገና አከፋፍዪው፤ እየተንገጫገጨ እንዲቀጥል ግን አትተዪው። ይህ ጨርቅ እንደ ጥጥ ውኃ በውስጡ አይመጥም፤ ውኃው ያለው በጠጉሮቹ መካከል ስለሆነ ማሽኑ አንዴ በደንብ ከጨመቀው ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

የሽምብጡ፦
ለማድረቁ ደግሞ አንድ ገመድ አይበቃም። ሁለት ገመዶች አራርቀው ወጥረው ብርድ ልብሱን በሁለቱ ላይ ቢደርቡት፣ መሐሉ እንደ ድንኳን ክፍት ሆኖ ነፋስ ያልፍበታል። ዛሬ በረንዳ ላይ ወይም መስኮቱ በተከፈተ ክፍል ውስጥ ይስቀሉት፤ ቬንትሌተር ካለ ከሥሩ ወደ ላይ ይንፋበት። በእኛ ከተማ በባሕር ዳር ሐምሌም ቢሆን ጧት ጧት ብዙ ጊዜ ፀሐይ ብልጭ ስለምትል፣ ነገ ጠል እንደተነሣ ያውጡት፣ እኩለ ቀን ላይ ገልብጠው ያስጡት፣ ደመናው ከጣና በኩል ሲከብድ ያስገቡት። ካውያ እንዳያስነኩት፤ ጠጉሩ ይቀልጣል። መዳፍዎን ሳይሆን ጉንጭዎን ጠርዙ ላይ፣ በተለይ ስፌቱ በተደረበበት በኩል ያስጠጉ፤ ከቀዘቀዘዎት አልደረቀም፣ ታጥፎ ቁም ሣጥን ከገባም ይሻግታል።

የግሽ ዓባይ እናት፦
ልጄ፣ ጠርዙ እርጥብ ከሆነ ለአማትሽ አታልብሻቸው፤ የደብረ ማርቆስ ሰው ብርድ ለምዷል ብለሽ እንዳትተዪው፣ የእርጥብ ልብስ ብርድ ሌላ ነው። ሁለት ጋቢ ደርበሽ አልብሻቸው፤ ከሌለሽ ከጎረቤት ተዋሺ።