እንቁላል ያለበት ጣፋጭ የቻይና ሾርባ አሠራሩን የምታውቁ?

ዕቃ አመላላሽ፦ ሰላም ናችሁ። ባለፈው ወር ዕቃ ልገዛ ጓንዡ ሄጄ ብርድ መታኝና ሁለት ቀን ተኝቼ ዋልኩ። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ በጎድጓዳ ሳህን ትኩስ ነገር ይዘውልኝ መጡ። ጨው ጨው የሚል ሾርባ መስሎኝ ፉት ብል ስኳር! እንቁላሉ እንደ ክር ተበታትኖ ይንሳፈፋል፣ ዝንጅብሉ ጉሮሮ ይለበልባል። መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ በኋላ ግን ሳህኑን ጠርጌ ነው የመለስኩት። አዲስ አበባ ስመለስ ስኳር ውሃ አፍልቼ እንቁላል ደፋሁበትና አማሰልኩት። የወጣው አረፋና የልብስ እጣቢ የመሰለ ነገር ነው፣ ሽታውማ አይነሳ። ባለቤቴ እስካሁን ትስቅብኛለች። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ጓንዡ የከረመች፦ ወንድሜ፣ የጠጣኸው ቶንግ ሱይ ነው። በካንቶንኛ፣ በጓንዡ ሰዎች ቋንቋ፣ «ስኳር ውሃ» ማለት ነው፣ ይኸው ነው ስሙ። የቀይ ባቄላ አለ፣ የጥቁር ሰሊጥ አለ፣ ያንተ የእንቁላሉ ነው። ጥፋትህ እሳቱ ላይ ነው። አራት ኩባያ ውሃ ከስስ ስስ የዝንጅብል ቁራጭ ጋር አስር ደቂቃ ያህል አፍላ፤ የእንቁላሉን ሽታ የሚያጠፋልህ ዝንጅብሉ ነው፣ አትሰስት። ስኳር ጨምር። እነሱ እንደ ጠጠር የደረቀውን ነው የሚጠቀሙት፣ ከሌለህ የቤቱም ይሆናል። ስኳሩ ሲሟሟ እሳቱን አጥፋ። አጥፋ ነው ያልኩህ፣ ቀንስ አላልኩም። ሁለት እንቁላል መትተህ ከጀበና ቡና እንደሚቀዳ በቀጭኑ፣ እያዞርክ አፍስስ። ከዛ እጅህን ሰብስብ! እስከ አስር ቁጠርና አንዴ ብቻ ቀስ አድርገህ አዙረው።

ተማሪው፦ እኔ የተማርኩት ቼንግዱ ነው፣ ቻይና ውስጥ ሲቹዋን ክፍለ ሀገር። እዛ የሚሠሩት ከተብላላ ሩዝ ጋር ነው፣ ላዎዛዎ ይሉታል፣ ትንሽ ጠላ ጠላ ይላል። እንቁላሉን አይመቱትም፣ ሰብረው ሙሉውን እዛው ውስጥ ያበስሉታል። የአራስ ምግብ ነው። አንዴ የክፍል ጓደኛዬ እህት ወልዳ ልንጠይቅ ሄደን ለእኛም ቀረበልን፣ ልክ አራስ ጥየቃ ስትሄድ ገንፎ እንደሚደርስህ። እኔ ግን ሁለተኛ አልበላውም፣ አስኳሉ ስኳር ውስጥ ሲፈርጥ አይቼ ሆዴ እምቢ አለ።

ማርታ ቁ.2፦ እና ለጾም ምን ይሻላል?

ጓንዡ የከረመች፦ እህቴ፣ የቀይ ባቄላውን ሥሪ። ባቄላ፣ ውሃና ስኳር፣ እስኪፈርስ መቀቀል ብቻ ነው።

ዕቃ አመላላሽ፦ ሠራሁት፣ ክር ሆነልኝ!! የመጀመሪያውን ቸኩዬ ነካክቼ አበላሸሁት፣ ሁለተኛው ቁጭ እሳቸው የሰጡኝን። ባለቤቴን ቅመሺ ብላት ሚጥሚጣ ይዛ መጣች።