ወንድሜ ከተማ ልሂድ ይላል፤ ልልቀቀው ወይስ ላስቀረው?

ታላቅ እህት፦
ሰላም ናችሁ? ታናሽ ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው። መሬታችን ለሦስት ተከፍሎ የሱ ድርሻ ራሱን እንኳ ዓመት አያደርሰውም። ከአጨዳ በኋላ ወራቱን ሥራ ፈቶ ነው የሚቀመጠው። አሁን ከተማ ሄጄ ግንባታ ላይ ልሥራ ብሎ ድርቅ ብሏል። እናታችን ደግሞ «ቢቸግረንም አብረን» ትላለች። መሄድ የእውነት ከድህነት ያወጣል? ወይስ ድህነቱ አብሮት ይሄዳል?

ግንበኛው፦
እህቴ፣ እኔ በ19 ዓመቴ ነው የወጣሁት። እናቴ የመመለሻ ገንዘቤን ኮቴ ገበር ውስጥ ሰፍታልኝ ነበር። የቀን ሠራተኛ የሚቆምበት ቦታ ገና ሳይነጋ ሄጄ ቆምኩ። ፎርማኑ መጣ። ፊታችንን አላየም፤ እጅና ጫማ እያየ «አንተ፣ አንተ» ብሎ ለይቶ ሄደ። ሦስት ቀን ዞር ብሎም አላየኝ። በሁለተኛው ቀን አንድ ደላላ ሩቅ ቦታ ሥራ አለ፣ ክፍያው ሲያልቅ ነው አለኝ። የኮቴን ገበር ዳበስኩና «አልሄድም» አልኩት። ያ ገንዘብ ባይኖር እሄድ ነበር። አብረውኝ ቆመው ከነበሩት ሁለቱ ሄዱለት። በአራተኛው ቀን የሰፈሬ ልጅ ለፎርማኑ «ይሄ ከኔ ጋር ነው» አለው። በቃ፣ ሥራ ገባሁ።

አንባቢ፦
ግንበኛው የነገረሽ በጥናትም የታየ ነው። ታንዛኒያ፣ ካጌራ ውስጥ የብዙ ቤተሰቦችን አባላት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2004 ተከታትለው ነበር። አካባቢውን ለቀው የሄዱት የፍጆታ ዕድገት ከቀሩት በ36 መቶኛ ነጥብ በልጦ ተገኘ። ባንግላዴሽ፣ ራንግፑር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የረሃቡ ወር ሲደርስ ለድሃ ቤተሰቦች የአውቶቡስ መሳፈሪያ ያህል፣ 8.50 ዶላር ሰጡ። በዚያች ብቻ ከመቶ ቤተሰብ 22 ያህሉ፣ ያለሷ የማይልኩት፣ አንድ ሰው ለሥራ ላኩ። በቀጣዩ ዓመት ማንም ሳይከፍላቸው ደግመው የሄዱ ብዙ ናቸው። ይዟቸው የነበረው ስንፍና አይደለም። ሄዶ ባዶ እጅ መመለስ ለጠገበ ሰው ኪሳራ ነው፤ ለነሱ ረሃብ ነበር። ሆኖም ፕሮግራሙ ሲሰፋ ያው ውጤት አልተገኘም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ተዘጋ።

ተመላሽ፦
እኔ ጥሩውን ብቻ አልነግርሽም። ከተማ ውሃ እንኳ በገንዘብ ነው፤ የቤት ኪራይ ደግሞ ከደሞዝ ቀድሞ ይደርሳል። ሰባት ወር እንደሠራሁ ከመወጣጫው ወድቄ እጄ ተሰበረ። ኮንትራክተሩ «ውል አለህ እንዴ?» አለኝ። የለኝም። ቤተሰቦቼ ግን አሁንም ገንዘብ ደብቄ የመጣሁ ይመስላቸዋል።

ታላቅ እህት፦
አብሮት የተማረ ልጅ እዚያ አለ። ስልኩን አምጣ ብየዋለሁ።

ግንበኛው፦
ስልኩ ብቻ አይበቃም። ራስሽ ደውለሽ የት እንደሚያሳድረውና ለስንት ቀን እንደሆነ ጠይቂው። «ይምጣ እንጂ፣ ችግር የለም» ብቻ ካለሽ ቦታ የለውም ማለት ነው። እሺ ካለ ከአጨዳ በኋላ ይሂድ፤ እርሻ ሲደርስ ይመለስ። አይቶት ይወስን፣ መሬቱንም ገና አይልቀቅ። ተመላሽ ያለውንም አትርሺ፦ ለማን እንደሚሠራ ስሙንና ስልኩን ጽፎ ይላክልሽ።

ኮት አለው?