ክርክር፦ ሲግናል ለሁሉም መሸጡና ሪቤቱ የፈረስ እሽቅድምድምን ጠቀመው ወይስ ጎዳው?

አወያይ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ባለፈው ሰሞን ስለ ሜሪላንዱ የፈረስ ሜዳ ስለ ላውረል ፓርክ ስናወራ ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ ስለሄደ፣ እስቲ በወጉ እንከራከርበት ብዬ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ የእሽቅድምድም ሜዳ ሲግናሉን፣ ማለትም የውድድሩን ቀጥታ ምስልና ውርርድ የመቀበል ፈቃዱን፣ በየክፍለ ግዛቱ ላሉ የውርርድ ቤቶችና አፖች ይሸጣል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ደግሞ ብዙ ለሚጫወት ደንበኛ ካስያዘው ገንዘብ ላይ የተወሰነ ፐርሰንት ይመልሱለታል። ሪቤት የሚባለው እሱ ነው። ይህ አሠራር የሜዳዎቹን ገቢ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ቁማር ኃጢአት ነው የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። እሱ ላይ ብዙም የምንጣላ አይመስለኝም።

ቆጣሪው፦
ጨምሯል ባይ ነኝ። ድሮ ለመወራረድ ሜዳው ድረስ መሄድ ግድ ነበር። ከአንዱ ክፍለ ግዛት ሆኖ በሌላው ውድድር ላይ መወራረድን ሥርዓት ያስያዘው የ1978ቱ የፌዴራል ሕግ ነው። ሜዳው፣ የፈረስ ባለቤቶቹ ማኅበርና እሽቅድምድሙን የሚቆጣጠሩት የሁለቱም ወገን ኮሚሽኖች ከፈቀዱ ይቻላል። ዛሬ ላውረል በሥራ ቀን ብትሄዱ ወንበሩ ባዶ ነው። ገንዘቡ ግን ከኒውዮርክም ከካሊፎርኒያም ይገባል።

ሲግናል ዘግቶ መኖር ይቻላል የሚል ካለ ቴክሳስን ይመልከት። በሐምሌ 2022 አዲሱ የፌዴራል የፈረስ ደኅንነት አካል ሥራ ሲጀምር የቴክሳስ ኮሚሽን አሻፈረኝ አለ። ከዚያ ሎን ስታርና ሳም ሂውስተን የተባሉት ሜዳዎች፣ በዚያ አካል ሥር ላለመግባት፣ ሲግናላቸውን ከቴክሳስ ውጭ መላክ አቆሙ። ውርርዱ ገደል ገባ። ፈረሱ ያው፣ ጆኪው ያው፣ ሜዳው ያው። የተቀየረው ሲግናሉ ብቻ ነው።

አባ ልጓም፦
ልጄ፣ ቴክሳስን ካነሳህ አይቀር ጨርሰው እንጂ። ውርርዱ ሲወድቅ እሽቅድምድሙ አብሮ አልወደቀም። በ2019 የወጣ የቴክሳስ ሕግ ከፈረስ መኖና ዕቃ ሽያጭ ታክስ ላይ በዓመት እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር ለፈረስ ኢንዱስትሪው ይመድባል። አብዛኛው የሚሄደው ወደ ሽልማት ነው። እዚህ ሜሪላንድም ከካሲኖ ማሽኖች ገቢ በሕግ ተቆርጦ ለሽልማት የሚሰጥ ገንዘብ አለ። እኔ ከጓደኞቼ ጋር በአንድ ፈረስ ላይ ድርሻ አለችኝ። ድርሻዬ አንድ ኮቴ ቢሆን ነው፣ ቢሆንም የመኖውን ሂሳብ እከፍላለሁ። እና የማየው ነገር፣ የውርርዱ ድምር ሌላ፣ ጋጣ ውስጥ የሚገባው ብር ሌላ ሆኗል።

ባለ 2 ዶላሩ፦
ጋሼ ትክክል ብለዋል። እስቲ አንድ ሰው በቀላል አማርኛ ያስረዳኝ። እኔ 2 ዶላር ሳስይዝ ማን ምን ይወስዳል?

የመስኮቷ ልጅ፦
እኔ ልመልስ፣ ሜዳ ላይ ትኬት እየቆረጥኩ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የፈረስ ውርርድ እንደ እግር ኳስ ቤቲንግ አይደለም። ቤቱ ካንተ ጋር አይጫወትም። የሁሉም ሰው ገንዘብ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል፣ ቤቱ ቆረጣውን፣ ማለትም የራሱን ድርሻ፣ ያነሳል፣ የተረፈውን አሸናፊዎች ይካፈሉታል። ቆረጣው እንደ ሜዳውና እንደ ጨዋታው ይለያያል። አንድ ፈረስ ብቻ ለሚመርጥ 16፣ 17 ፐርሰንት አካባቢ ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የሚወጡትን በቅደም ተከተል እንደሚያስገምተው ትራይፌክታ ላሉት 20ን አልፎ 25 የሚደርስበት አለ።

ለሂሳብ እንዲመች 20 እንበል። ሜዳው ላይ መጥተህ እኔ መስኮት ላይ ስትቆርጥ ከ2 ዶላርህ 40 ሳንቲም ይነሳል። እሱን ሜዳው፣ የሽልማት ሂሳቡና መንግሥት ይካፈሉታል። ያንኑ ትኬት ሶፋህ ላይ ተጋድመህ በሌላ ኩባንያ አፕ ብትቆርጠው፣ ያው 40 ሳንቲም ይነሳል። ውድድሩን ላዘጋጀው ሜዳ የሚደርሰው ግን የሲግናል ክፍያው ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ክፍያ 3 ፐርሰንት ገደማ ነበር፣ ማለትም 6 ሳንቲም። አሁን ጥሩ ሜዳዎች እጥፉንና ከዚያም በላይ ያስከፍላሉ። የቀረው አፑ ጋ ነው። እና ደንበኛዬ የነበረ ሰው ወደ ስልኩ ሲዞር የውርርድ ድምሩ ንክች አይልም። የሜዳው ገቢ ግን ይቀንሳል።

ቆጣሪው፦
ልክ ነሽ፣ ግን ግማሹን ነው የነገርሽን። ከሶፋው የማይነሳው ሰውዬ አፕ ባይኖር ኖሮ ላውረል ይመጣ ነበር? እኔ አይመጣም ባይ ነኝ። ኔትፍሊክስ ይከፍታል። ወይም ከ2018 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ በየክፍለ ግዛቱ የተከፈተው የስፖርት ቤቲንግ ላይ ይሄዳል። ከምንም 20 ፐርሰንት ምንም ነው። 6 ፐርሰንት ግን 6 ፐርሰንት ነው።

ሪቤቱም ያው ነው። መርካቶ ጅምላ የሚገዛና ኪሎ የሚገዛ እኩል ዋጋ ይከፍላሉ እንዴ? በዓመት ሚሊዮኖች የሚያንቀሳቅስ ሰው ቅናሽ ካላገኘ ይሄዳል። ደግሞ ቅናሽ ያገኘ ሰው ደጋግሞ ያስይዛል። 100 ዶላር ይዞ የገባ ሰው የተመለሰለትን እያስያዘ እስኪያልቅ ቢጫወት፣ በ20 ፐርሰንት ቆረጣ በአማካይ ድምሩ 500 ዶላር ይሆናል። በ10 ፐርሰንት 1,000።

የመስኮቷ ልጅ፦
ከ500 ላይ 20 ፐርሰንት 100 ዶላር። ከ1,000 ላይ 10 ፐርሰንትም 100 ዶላር። ሰውየው ያው 100ውን ነው የጨረሰው። ድምሩ አብጧል፣ ቤቱ ያገኘው ግን እኩል ነው። ባይሆን ሰውየው ረዘም ያለ ሰዓት ስለተዝናና ቅዳሜም ይመለሳል በል፣ እሱን እቀበልሃለሁ።

ባለ 2 ዶላሩ፦
መርካቶን አንስተሃል፣ እዚያው እንቆይ። ጅምላ ገዢው በርካሽ ስለገዛ የእኔ ስኳር አይወደድም። እዚህ ግን ቋቱ አንድ ነው። ሪቤት የሚያገኙት ደግሞ እንደ እኔ ጋዜጣ ገልጠው ፈረስ የሚመርጡ አይደሉም። ኮምፒውተር ያላቸው ቡድኖች ናቸው። ፕሮግራማቸው በሴኮንዶች ውስጥ ብዙ ሺህ ትኬት ይልካል።

የመስኮቷ ልጅ ባስተማረችን ሂሳብ ልሂድ። ቋቱ 300 ዶላር ነው፣ 100ው የኮምፒውተሮቹ፣ 200ው የእኛ። 20 ፐርሰንት ሲነሳ ለአሸናፊዎች 240 ይቀራል። ኮምፒውተሩ ጎበዝ ነውና በአማካይ 93 ይወስዳል እንበል። 7 ዶላር ከሰረ። ቤቱ 10 ዶላር ሪቤት ይሰጠዋል፣ 3 አተረፈ። ለእኛ የቀረን 147 ነው፣ ከ200 ላይ። ማለትም እኔ የምከፍለው ቆረጣ በወረቀት 20 ተብሎ በተግባር 26 ከግማሽ ሆነ ማለት ነው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ነው ያስቀመጥኳቸው፣ ግን የፈለግከውን ቁጥር አስገባበት። ኮምፒውተሩ ከአማካዩ በላይ ከወሰደ የሚጎድለው ከእኔ ነው።

በዓይኔ የማየውን ደግሞ ልጨምር። ፈረሶቹ ወደ መነሻው ሲገቡ የኔ ፈረስ 5 ለ 1 ነው፣ ካሸነፈ ለ1 ዶላር 5 ያተርፋል። በሩ ተከፈተ፣ ሮጡ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ቦርዱ 5 ለ 2 ይላል፣ ትርፌ በግማሽ ወረደ። ያለቀ ውርርድ ነው እኮ! የመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ገንዘብ ተደምሮ ቦርዱ ላይ እስኪወጣ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬን ላውረል ይዤው ሄጄ ይህን ሲያይ "ተበላን" ብሎ ቀረ። ማጭበርበር እንዳልሆነ ባስረዳውም አልሰማኝም።

አባ ልጓም፦
ይኸው ነው ችግሩ። ትንንሹ ተጫዋች ሲሄድ ኮምፒውተሩ ማንን ይበላል? እርስ በርሱ ሊበላላ ነው?

ቆጣሪው፦
ሆንግ ኮንግን ልጥራ። እዚያ የውርርዱ ድምር በ1990ዎቹ አጋማሽ ከ90 ቢሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ እየወረደ ወደ 60 ቢሊዮን አካባቢ መጣ። በ2006 መንግሥት ታክሱን ከድምር ውርርድ ላይ አንስቶ በትርፉ ላይ አደረገው። የጆኪ ክለቡም 10,000ና ከዚያ በላይ አስይዞ ለተሸነፈ ትኬት 10 ፐርሰንት መመለስ ጀመረ። በ2013/14 ድምሩ 100 ቢሊዮንን አለፈ። ሪቤት ገቢ ይገድላል የምትሉ ይህን ምን ትሉታላችሁ?

የመስኮቷ ልጅ፦
ጎበዝ፣ ጥሩ ምሳሌ ነው። ግን ልዩነቱን እይ። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሕጋዊ የውርርድ ተቀባይ አንድ ክለብ ብቻ ነው። ውድድሩን የሚያዘጋጀውም፣ ውርርዱን የሚቀበለውም፣ ሪቤቱን የሚሰጠውም እሱ። ስለዚህ ድምሩ ሲያድግ ገንዘቡ የትም አይሄድበትም። ሪቤቱም የታወቀ ነው፣ መጠኑን ያሟላ ሁሉ ያገኘዋል። ሲግናሉን ወደ ውጭ መሸጡን ከ2013 ወዲህ ሲያሰፋም በራሱ ዋጋ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሜዳው ውድድሩን በ6 ፐርሰንት ይሸጣል፣ ከገዢው ጋ የቀረው 14 ለማን እንደሚመለስ የሚወስነው ገዢው ነው። ድርድሩ በጓዳ ነው። ሜዳዎቹም ንጹሕ ነን እንዳይሉ፣ የኒውዮርኩ የእሽቅድምድም ማኅበርና የሜዳዎች ባለቤት የሆነው ስትሮናክ ግሩፕ ትልልቆቹ ኮምፒውተር ተጫዋቾች በሚወራረዱበት በኤሊት ተርፍ ክለብ ላይ ድርሻ አላቸው። በአንድ እጅ ተጫዋቹን ይጠራሉ፣ በሌላው እጅ ከሚበላው ጋር ይካፈላሉ።

አወያይ፦
ጥያቄ አለኝ። ታዲያ ለሁሉም ቆረጣውን ለምን አይቀንሱም?

የመስኮቷ ልጅ፦
ተሞክሯል። የሚኒሶታው ካንተርበሪ ፓርክ በ2016 ወደ 15ና 18 ፐርሰንት አወረደው። በቀጣዩ ዓመት መልሶ ሰቀለው። አንድ ሜዳ ብቻውን ሲቀንስ የሌላው ክፍለ ግዛት አፕ የሚያተርፈው ይጠብባል፣ ስለዚህ የዚያን ሜዳ ውድድር ለደንበኛው ለማስተዋወቅ አይጓጓም። ትልቁ ተጫዋችም የሚያገኘው ሪቤት ያንሳል። ተራው ሰው ደግሞ መቀነሱን አይሰማም፣ በአንድ በጋም ልማዱን አይቀይርም። መጨመር ግን ቶሎ ያስቆጣል። ቸርችል ዳውንስ በ2014 ሲጨምር፣ ኪንላንድም በ2017 ሲጨምር ተጫዋቾች እንቢ ብለዋል፣ ድምራቸውም ወርዷል። ኪንላንድ በዓመቱ ከፊሉን መልሷል።

አባ ልጓም፦
እኔ በትልቁ ሥዕል ልዝጋ። በ2003 በመላው አሜሪካ 15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተወራርዷል። በ2024 ወደ 11 ቢሊዮን። የዋጋ ንረቱ ሳይሰላ ማለት ነው። በዚህ መሃል ሲግናሉ በየኪሱ ገባ፣ ሪቤቱም ተስፋፋ። ሆሊውድ ፓርክ በ2013 ተዘጋ፣ አርሊንግተን በ2021፣ ጎልደን ጌት በ2024።

ቆጣሪው፦
ጋሼ፣ የውድድሩ ብዛትም ከዚያ በላይ ቀንሷል እኮ። አርሊንግተንን ሪቤት ዘጋው ማለት ይከብዳል፣ የመሬቱ ዋጋ ነው ጉድ ያደረገው። የኮምፒውተሮቹ ድርሻ ከድምሩ ሲሶ ገደማ ነው ይባላል። ነገ ብናባርራቸው ያንን ሲሶ የሚተካው ማነው? እርስዎም የመኖ ሂሳብ አለብዎት።

አባ ልጓም፦
ማን አባርሩ አለ? ኒውዮርክ ከ2021 ጀምሮ ውድድሩ ሊጀመር 2 ደቂቃ ሲቀረው ኮምፒውተሮቹን ከአሸናፊ ፈረስ ቋት ያስወጣቸዋል። ዴል ማርም በ2024 ተከተለ። ሜዳዎቹ አልተዘጉም። ያንን ወደ ሌሎች ቋቶች ማስፋት ይቻላል። ለእነሱ የሚሸጠውን ሲግናልም ዋጋውን ከፍ ማድረግ። ጭማሪው በቀጥታ ወደ ሽልማት ይግባ።

ቆጣሪው፦
ዋጋው ላይ እንደራደር ካላችሁ እኔም አለሁ። ጨርሶ ይቅር ነው ያልተስማማኝ። ባለ 2 ዶላሩ ግን ዝም አልክ። ለምን አንተም ሪቤት አትጠይቅም? ትንንሽ ተጫዋቾችን የሚቀበሉ አሉ።

ባለ 2 ዶላሩ፦
ጠይቄ ነበር። አንዱ ጋ ደወልኩ። ልጅቷ በትሕትና አነጋገረችኝና በወር ስንት እንደማስይዝ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። "ቆይ ኃላፊዬን ላገናኝህ" ብላ ሙዚቃ ለቀቀችብኝ።

ቆጣሪው፦
ስንት አልካት?

ባለ 2 ዶላሩ፦
40 ዶላር። በጥሩ ወር።