የመምህር ቋሚነት ይቅር ወይስ ይጽና? የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆችና መምህራን ክርክር

የሐሳቡ አቅራቢ (እናት፣ ደሴ)

ባለፈው ቅዳሜ በልጆቻችን ትምህርት ቤት በተደረገው የወላጅና መምህራን ኅብረት ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሥተው፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ቋሚ ሠራተኛ መሆኑ ቀርቶ እንደ ግል ትምህርት ቤት በየዓመቱ ውል እየታደሰለት ይሥራ የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ሰዓቱ አልቆ ሳንቋጨው ስለተበተንን እዚህ እንቀጥለው። እኔ ሐሳቡን እደግፋለሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2014 የእኛ ከተማ ልጆች በጦርነት መካከል ያለፉ መሆናቸውን አልዘነጋሁም፤ ነገር ግን ቁጥሩ የደሴ ብቻ ሳይሆን የአገር ቁጥር ነው። ከስብሰባው ማግስት የልጄን የሒሳብ ደብተር ገልጬ አየሁ። ከኅዳር ወዲህ የመምህር እስክሪብቶ አልነካውም። አንዱ ገጽ ላይ ልጄ ራሷ ለራሷ የራይት ምልክት አድርጋለች፤ መልሱ ግን የተሳሳተ ነው። ይህን ደብተር ያላረመ ሰው ደመወዙ በወሩ መጨረሻ ያለ ጥያቄ የሚገባለት ለምንድን ነው?

የፊዚክስ መምህር (ኮምቦልቻ፣ የግል ትምህርት ቤት)

እኅቴ፣ ስለ ደብተሩ የተናገርሽው እኔንም አሳዝኖኛል። ያቀረብሽው መድኃኒት ግን እኔ ለ8 ዓመት የኖርኩበት ስለሆነ ምን እንደሚያደርግ ልንገርሽ። ውሌ በመስከረም ይጀምርና ሰኔ 30 ያበቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደመወዝ የለኝም። ቀድሞ በነበርኩበት ትምህርት ቤት በሰኔ መጨረሻ ሳምንት አንድ በአንድ ወደ ቢሮ እንጠራለን። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ክምር ወረቀት አለ፤ አንዱ የሚፈረም አዲስ ውል ነው፣ ሌላው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። የሥራ ልምድ የተጻፈለት ሰው ተሰናብቷል ማለት ነው። በአራተኛ ዓመቴ 38 ያገኘ አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ማርኩን 50 አድርገው ተባልኩ፣ እምቢ አልኩ። በዚያ ዓመት ስሜ በሁለተኛው ክምር ውስጥ ተገኘ። ምክንያቱን ስጠይቅ “ውልህ አልቋል” ከሚል በቀር መልስ አላገኘሁም። ከዚያ በኋላ በሌላ ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ማርክ ጨምሬያለሁ፤ ልጆቼን ማሳደግ ነበረብኝና። ሮስተሩ ላይ 80 እና 90 የተሞላለት ተማሪ በብሔራዊ ፈተና 30 የሚያመጣው ከምን የተነሣ እንደሆነ ስትጠይቁ፣ ሰኔን የሚፈራ መምህርም ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን እንድታስቡ እለምናለሁ።

የሕግ ባለሙያ (ደሴ)

ወደ ክርክሩ ከመቀጠላችን በፊት ሁለቱ መምህራን በአንድ ሕግ እንደማይተዳደሩ መታወቅ አለበት። የመንግሥት መምህር የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው፤ ለምሳሌ በ2010 የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1064 ለአዲስ ተቀጣሪ የ6 ወር የሙከራ ጊዜ ደንግጎ ነበር። የግል ትምህርት ቤት መምህር የሚዳኘው ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ የሙከራ ጊዜውም ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ብዙ መምህራን የማያውቁት ይህ አዋጅ በአንቀጽ 9 ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ እንደሚቆጥር፣ በጊዜ የተወሰነ ውል የሚፈቀደውም በአንቀጽ 10 በተዘረዘሩት ሁኔታዎች ብቻ መሆኑን ነው። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ሰኔ የሚል ወረቀት መፈረሙ ብቻውን ሥራውን ጊዜያዊ አያደርገውም። አሠሪዎች የሚከራከሩት በዓመቱ ውስጥ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ በየዓመቱ የሚደጋገመውን የወቅት ሥራ የሚመለከተውን ንዑስ አንቀጽ በመጥቀስ ነው። ክርክሩ ባዶ ነው አልልም፤ ክረምት ትምህርት ቤት ይዘጋልና። በእኔ እምነት ግን ዓመቱን በሙሉ ፈቃዱን ይዞ በሚኖር ተቋም ውስጥ በዚያው መደብ ላይ ለዓመታት ያስተማረ ሰው ከቡና ለቀማ ሠራተኛ ጋር ሊመሳሰል አይገባም። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ግን ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ሰኔ 30 የተሰናበተ መምህር “መስከረም ይምጣና አየዋለሁ” ብሎ የሚቆይ ከሆነ ጊዜው በእጁ ላይ ያልቃል።

ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር (ደሴ)

ልጆቼ፣ ቋሚነት ማለት አይነኬነት አይደለም። የመንግሥት መምህር ጥፋት ከሠራ በጽሑፍ ይጠየቃል፣ መልስ ይሰጣል፣ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ያየዋል፣ ይቀጣል፤ ከሥራ መሰናበትም ከቅጣቶቹ አንዱ ነው። ታዲያ ለምን አይሆንም ብትሉኝ፣ ጥፋቱ የእኔና የእኔን መሰሎች ነው። አንድ መምህር ነበረኝ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይቀራል፣ ሲመጣም ሰሌዳ ላይ ጽፎ ይቀመጣል። ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መስጠት፣ ክፍል ገብቶ ማየት፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘናውን እንደ ሥራው መሙላት የእኔ ድርሻ ነበር። እኔ ግን ለሁሉም መምህር አንድ ዓይነት ከፍተኛ ነጥብ ሞላሁ፤ መጋጨቱን ፈርቼ። በመጨረሻ ዝውውር ሲጠይቅ ደስ እያለኝ ፈረምኩለት፤ የሄደውም ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ያሉ ልጆች ምን በደሉ? እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይህን ብዬም ቋሚነቱ ይነሣ አልልም። በ1985 ዓ.ም. ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ሲሰናበቱ እኔ ወጣት መምህር ነበርኩ። በዚያ ሰሞን በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ ድምፅ የሚያሰማ አልነበረም፤ ሻዩ እንኳ ሳይጠጣ ይቀዘቅዝ ነበር። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር መምህር የሚለወጥ ከሆነ ማን ደፍሮ ያስተምራል?

የዩኒቨርሲቲ መምህር (ደሴ)

ጋሼ ስለ ዝውውሩ የተናገሩት በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ከተደረገ አንድ ትልቅ ሙግት ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ2012 9 ተማሪዎች ግዛቱን ከሰሱ፤ ጉዳዩም ከመካከላቸው በአንዷ ስም የቨርጋራ ጉዳይ ተብሎ ይታወቃል። መምህራን በሁለት ዓመት ውስጥ ቋሚ እንዲሆኑ የሚፈቅደው፣ ስንብትን የሚያከብደው፣ ቅነሳ ሲመጣም መጨረሻ የተቀጠረው አስቀድሞ እንዲወጣ የሚያዘው ሕግ ደሃ ተማሪዎችን ይጎዳል ነው ያሉት። እ.ኤ.አ. በ2014 ዳኛ ሮልፍ ትሩ እነዚህን የሚመለከቱትን አምስቱንም ድንጋጌዎች ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ ብለው ሻሯቸው፤ በፍርዳቸውም አንድን መምህር ለማሰናበት ከሁለት ዓመት እስከ ዐሥር ዓመት ገደማ እንደሚፈጅና ወጪውም ከ50,000 እስከ 450,000 ዶላር በላይ እንደሚደርስ ጠቅሰዋል። በ2016 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ገለበጠው። ምክንያቱም ሕጉ ደካማውን መምህር ወደ ደሃ ሰፈር ላኩት አይልም፤ መምህሩን የሚመድበው አስተዳዳሪው ነው የሚል ነበር። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም 4 ለ 3 በሆነ ድምፅ ጉዳዩን አላየውም አለ። ጋሼ የነገሩን ያው ነገር ነው፤ መምህሩን ወደ ገጠር የላከው የቋሚነት ደብዳቤው ሳይሆን የአስተዳደር ፊርማ ነው።

የሐሳቡ አቅራቢ

ጋሼ፣ እንዲህ በግልጽ ስለነገሩን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፊዚክስ መምህሩን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ የየዓመቱን ውል ሐሳብ ትቼዋለሁ፤ የልጄ ማርክ በፍርሃት እንዲሞላ አልፈልግም። ዳኛው የጠቀሱትን ዓመታት ግን በቀላሉ ማለፍ አልችልም። ልጄ 8ኛ ክፍል ላይ ናት፤ ኮሚቴው አንድ ዓመት ከፈጀ እርሷ 9ኛ ክፍል ገብታለች፣ ያላወቀችው ሒሳብም አብሯት ይሄዳል። መምህሩ ይሰማ፣ ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠው፤ ነገር ግን ጉዳዩ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ይለቅ፣ ርእሰ መምህሩም ክፍል ገብቶ ያየበትን ቀን በፊርማው ያሳይ።

ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር

አንድ ሴሚስተር ይበቃል፤ ምስክርነቱ በመዝገብ እስከተያዘ ድረስ። እኔ ይህን ማድረግ እችል ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ስታቀርቢ እኔም መጥቼ እናገራለሁ።

የፊዚክስ መምህር (ኮምቦልቻ)

ለሕግ ባለሙያው፦ የዘንድሮው ውሌም ሰኔ 30 ያበቃል። የ8 ዓመቱን ውሎች በሙሉ በአንድ ፋይል አስቀምጫቸዋለሁ። የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ የምመጣበትን ቀን ይንገሩኝ።