ትራይተን ሲነካው ከአክቲን ላይ ፎስፌቱ ይጠፋል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ዲክቲዮስቴሊየም የተባለውን የአፈር አሜባ ፒኤች 6.1 በሆነ የፎስፌት ባፈር 4 ሰዓት አስርቤ ወደ ምግቡ ስመልሰው፣ በማይክሮስኮፕ ሥር እግሮቹን ሰብስቦ ድቡልቡል ይላል። አክቲን (የሴሉን ክሮች የሚሠራው ፕሮቲን) ታይሮሲን 53 በተባለው አሚኖ አሲዱ ላይ ፎስፌት የሚይዘውም ያኔ ነው። ሴሉን በቀጥታ በኤስዲኤስ ባፈር (ፕሮቲኖችን ወዲያው በሚያከሽፍ ማሟሚያ) ሳፈላው፣ ፎስፌት የያዘውን ታይሮሲን በሚለይ አንቲቦዲ 42 ኪሎዳልተን ላይ ወፍራም ባንድ ይወጣል። መጀመሪያ በ1% ትራይተን (የሴሉን ሽፋን በሚያሟሟ ሳሙና መሰል ኬሚካል) ካሟሟሁት ግን ባንዱ ከዝቃጩም ከላይኛው ፈሳሽም ይጠፋል።

ክሮቹ ከሚሰበሰቡበት ከዝቃጩ ብቻ ቢጠፋ፣ ፎስፌት የያዘ አክቲን ክር መሥራት ስለሚከብደው ነው እል ነበር። ጠቅላላ አክቲን ግን በሁለቱም ውስጥ በደንብ ይታያል፤ ስለዚህ ጥርጣሬዬ ፎስፌትን በሚነቅለው ኢንዛይም፣ በፎስፋቴዝ ላይ ነው። ማሟሚያው ፎስፋቴዝን የሚገታ 1 ሚሊሞላር ኦርቶቫናዴት አለው፤ ፒኤች 10 ላይ ቢጫነቱ እስኪጠፋ አፍልቼዋለሁ። ሆኖም 5 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ (እንደ ካልሲየም ያሉ ብረቶችን የሚይዝ) እና 1 ሚሊሞላር ዲቲቲም (ፕሮቲን እንዳይኦክሲድ የሚጠብቅ) አሉበት፣ ሁለቱም ቫናዴትን ያከሽፋሉ። ሌላ የፎስፋቴዝ መግቻ፣ ፊኒላርሲን ኦክሳይድ፣ ልጨምር ብልም ዲቲቲ እሱንም ይይዘዋል። አንቲቦዲው ያለ ቦታው እንዳይጣበቅ የምጠቀመው ማገጃ ቢኤስኤ (የከብት ደም ፕሮቲን) ነው እንጂ ወተት አይደለም።

የቸገረኝ ይህ ነው፦ ኢዲቲኤን ባወጣ ካልሲየም ሴቨሪንን (የአክቲን ክር ቆራጭ ፕሮቲን) ቀስቅሶ ክሮቹን ይቆራርጥብኛል ብዬ እፈራለሁ። ክሩንም ፎስፌቱንም ሳይነካ ያሟሟላችሁ ባፈር ካለ፣ እባካችሁ መጠኑን ከነሙቀቱ ጻፉልኝ።