ብቻዬን ነኝ፤ ከቡድን ጋር ቱሉ ዲምቱ ልውጣ ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም እህት ወንድሞች፣ የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ። የምኖረው ሀዋሳ ነው። በዲንሾ አድርጎ ወደ ባሌ ተራሮች የሚሄድ፣ አስጎብኚ ያለው ቡድን አግኝቻለሁ። የሳኔቲን አምባ በእግር አቋርጠው 4,377 ሜትር ላይ ያለውን ቱሉ ዲምቱን ይወጣሉ። የቀሩት ሁሉ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ ብቻዬን የምሄደው እኔ ነኝ።

አዘጋጁ «ወይ ከማታውቂያት ሴት ጋር ድንኳን ትጋሪያለሽ፣ ወይ የሁለት ሰው ትከፍያለሽ» ብሎኛል። ቀብዱን እስከ ዓርብ ይፈልጋል። ብቻውን የሚሄድ ሰው እንዲህ ነው የሚከፍለው?

ዋናው ጭንቀቴ ግን ሌላ ነው። አምና ከሌላ ቡድን ጋር ከፍታ ቦታ ወጥቼ ራሴን ለሁለት የሚሰነጥቅ ሕመም ያዘኝ፤ አስመለሰኝም። አስጎብኚው ከፊት ካሉት ጋር ሄደ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው የውሃ ኮዳዬን ክዳን መክፈት እንኳ አቅቶኝ፣ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። እስካሁን ሳስበው ይጨንቀኛል።

በየጠዋቱ እዚሁ ሀዋሳ ያለውን የታቦር ኮረብታ እወጣለሁ፤ እግሬ ጠንክሯል። ግን ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ታቦርም አጭር ነው፤ ለአየሩ መሳሳት አያለማምድም። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሁለት ቀን ቀድሜ ሄጄ ባድር ይበቃኛል? ብታመም አብሮኝ የሚወርድ ሁለተኛ አስጎብኚ ይኑር ብል ያስቀይማል? ቀብዱን ከመክፈሌ በፊትስ ምን ምን በጽሑፍ ላስፈርም? በተለይ ብቻችሁን የሄዳችሁ ሴቶች መልሱልኝ።