ልጄ ቤት የለመደውን የእርሳስ አያያዝ ክፍል ሲገባ ይተወዋል

ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ አንደኛ ክፍል። ፊደል ለይቶ ያነባል። ሲጽፍ ግን እርሳሱን በጡጫው ጨብጦ ወረቀቱ እስኪቀደድ ይጫነዋል፤ ሁለት መስመር ሳይሞላ እጁን እያራገፈ "እማ ደከመኝ" ይለኛል። አንድ የኦኩፔሽናል ቴራፒ (እንደ መጻፍና መልበስ ያሉ የዕለት ተዕለት ሥራዎችን የሚያለማምድ ሕክምና) ባለሙያ አይታው ጣቶቹን የሚያጠነክር ጨዋታ ስጪው አለችኝ። ማታ ማታ ሊጥ ያድቦለቡላል፣ የልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ይሰካል፣ እርሳሱንም ቆርጬ አሳጠርኩለት (አጭር እርሳስ በጡጫ ለመያዝ አይመችም)። በሁለት ወሩ ቤት ውስጥ በሦስት ጣቱ መያዝ ጀመረ፣ ደስታዬን አትጠይቁኝ። ክፍል ውስጥ ግን ወንበሩ ከፍ ስለሚል እግሩ መሬት አይነካም፣ ከሰሌዳ ለመገልበጥ ሲጣደፍም ወደ ጡጫው ይመለሳል። የእግር መደገፊያ ይደረግለት ብል "ለአንድ ልጅ ብቻ አይሆንም" ተባልኩ። 50 ተማሪ ባለበት ክፍል፣ መምህርቷን ሳያስቸግር ራሱ ሊያደርገው የሚችል፣ ለልጃችሁ የሠራላችሁ ዘዴ ምንድነው?